ለሰርክ የተያዘች ሰዓት

ሐምሌ 18
ዝናብ። ቤቱ ጭር ብሏል። ወንድሜ ሙጃሂድ ከባሕር ዳር አዲስ ማሽን አምጥቶ ኢንተርኔት ቤታችን ውስጥ ገጠመ። ደንበኛ ቀድሞ ሰዓት ያስይዛል፤ ሰዓቱ ሲደርስ መስመሩ ለእሱ ይለቀቃል፣ ሌላው ይንቀራፈፋል። "ከእንግዲህ ጭቅጭቅ የለም" አለኝ። እኔ ጭቅጭቁን እወደው ነበር... ለማን ይነገራል?

አባዬ አብዱልአሊም በሕይወት ሳለ እዚህ ቤት አንዲት ስልክ ብቻ ነበረች። ከይፋግ፣ ከአንበሳሜ የመጣ ሰው አግዳሚው ላይ ዱላውን አስቀምጦ ተራ ይይዝና ገበያውን ይዞራል። መርዶ ያለበት ከመጣ አባዬ "ተነሱለት" ይላል። ማንም አያጉረመርምም። ደዋዩ ሲያለቅስ አግዳሚው አብሮ ያለቅሳል። አሁን ሁሉም ጆሮውን ደፍኖ... ናፈቀኝ እኮ።

ሐምሌ 22
መሪጌታ ገብረ ሐና ከቁሐር ሚካኤል ጭቃውን አቋርጠው መጡ። የባለቤታቸው የእማማ አመተ ሥላሴ ዓይን እየጠፋ ነው። ሐኪሙ አይድንም ብሏል። ሳይጨልምባቸው ቤሩት ያለች ልጃቸውን ሰርክን አንዴ ጥርት አድርገው ማየት አምሯቸዋል። በእጅ ስልክ ምስሉ እየተቆራረጠ አስቸገረ። አሠሪዋ ደግሞ የምትለቃት ቅዳሜ ረፋድ ብቻ ነው።

"አራት ሰዓትን ይዤልዎታለሁ፣ አይስጉ።"

"እግዜር ይስጥሽ፣ የአብዱልአሊም ልጅ።" ስሙን ከሰው አፍ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ሐምሌ 26
አራት ሰዓት። ቤቱ በተማሪ ሞልቷል። የሰርክ ፊት ብቅ ይላል፣ ይበጣጠሳል። "ሰርኬ፣ የት ነሽ? አላየሁሽም" ይላሉ እማማ። ማሽኑን አየሁት። ለካ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ኖሯል! አራት ብዬ ስሞላ መስመሩን ሌሊት አስር ሰዓት ለባዶ ቤት ሲለቅ አድሯል። ላርም ብል ረፋዱ ለተማሪዎቹ ተይዟል አለኝ። ምን ላድርግ?

ብድግ አልኩና "ተነሱላቸው" አልኩ፣ እንደ አባዬ። ነገሩን አስረዳሁ። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ዘመኑ የሚባለው፣ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ እየላከ ነበር፣ ዛሬ መዝጊያው ነው። እማማን አያቸው። እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ምስሉ ጠራ። እማማ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ እያስኬዱ "ጠባሳሽ... ጥርስሽ... ከስተሻል እንጂ" አሉ። ተማሪው ሁሉ ከኋላቸው ቆሞ ያለቅሳል። እኔም አለቀስኩ፣ ደስም አለኝ። የዘመኑም ማመልከቻ ከሰዓት በኋላ ደረሰለት፣ አልሐምዱሊላህ።

ኅዳር 13
ሩዙ ታጭዷል። መሪጌታ እማማን በእጃቸው እየመሩ አመጧቸው። ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል። መስመሩን ይዤላቸው ነበር።

"ተይው ልጄ፣ ለተማሪዎቹ ስጭ። ለእኔ ድምጿ ይበቃኛል።"

"ሰርክስ እማማ? እሷ እኮ ታይዎታለች።"

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"እንግዲያ ፊቴን ወደ እሷ አዙሪልኝ።"