አሥራ አምስቱ ቃላት

ጥቅምት 4

ሪም ዛሬ ቱቦ ውስጥ ከተተችኝ። የእህቴ ልጅ። አንጎል የሚያነሳ ማሽን ነው፤ ኤምአርአይ። አርባ ደቂቃ ሲያንኳኳብኝ ቆየ። ስወጣ «አንጎል አገኘሽ?» አልኳት። «ፈልገን አጣን» አለች። የኔው ተማሪ!

ከዚያ የማስታወስ ፈተና። አሥራ አምስት ቃል ታነባለች፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትጠይቃለች። አማርኛውን ራሷ ናት ያዘጋጀችው። አንድም አልሳትኩ። ዩኒቨርሲቲ ላልረገጠ ሰው… ምን ይላል?

ለፖስትዶክ ማመልከቻዋ ነው። ዶክተር ከሆኑ በኋላ ሌላ ሦስት ዓመት ትልቅ ተመራማሪ ሥር መሥራት። ስለሚያረጅ አንጎል። «ስታረጂም ተማሪ ነሽ ማለት ነው?» ብዬ አበሸቅኋት። ክፍት ቦታው ግን አንድ ብቻ ነው። የራሷን የጥናት ውጤት ይዛ ካልቀረበች አያዩአትም። ከሰፈራችን ከስካርቦሮ ሃያ ሽማግሌ አምጣልኝ አለች።

ጥቅምት 7

ከጁምዓ በኋላ መስጊዱ መኪና ማቆሚያ ላይ ሽማግሌዎቹን ሰበሰብኩ። ፈተና ሲባል ፈሩ። ሙሀጅር በተለይ። ሠላሳ ዓመት ታክሲ የነዳ ወዳጄ። «ከወደቅኩ ልጆቼ መኪናውን ይነጥቁኛል» አለ።

ምን ላድርግ? ቃላቱን ነገርኳቸው። ማንኪያ፣ ደመና፣ በቅሎ… ልጅ ሆነን ቁርአን በቀራንበት ዜማ አስያዝኳቸው። አስተግፊሩላህ! ሃያ ሽማግሌ ቆሞ «በቅሎ» እያለ ሲያዜም… ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ጥቅምት 28

ሪም ሃያውንም ፈትና ጨርሳ እየዘለለች መጣች። «አጎቴ፣ አታምንም!» የብዙዎቹ አንጎል በምስሉ ላይ ተሸብሽቧል፤ ማስታወሳቸው ግን የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ማንም እንዲህ ያለ ነገር አላየም አለች። ማመልከቻው ላይ አስገብታዋለች። ኢንተርቪው ሰጥተዋታል።

«ምስጢሩ ምን ይመስልሃል?»

«ሽሮ» አልኩ።

ሳቀች። እኔ ወሬ ቀየርኩ።

ኅዳር 2

እስካሁን አልነገርኳትም። ማንን ጎዳሁ? ልጅቷ ሥራዋን ታገኛለች…

ኅዳር 7

ሙሀጅር ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ቀረ። ከሰዓት ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ዌስተን ተገኘ። መኪናውን መንገድ መሀል አቁሞ ቁጭ ብሏል። ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶበት።

ከሚስቱ ከዙሀራ ጋር ሄጄ አመጣነው። መንገድ ላይ እንዲህ አለችኝ፦ «ከረመዳን ወዲህ ይረሳል። ሐኪም ጋ ልወስደው ቀጠሮ ይዤ ነበር። እነ ሪም ፈትነውኝ ሁሉንም መለስኩ ሲለኝ አልሐምዱሊላህ ብዬ ሰረዝኩት።»

ሙሀጅር ከኋላ ወንበር ዜማውን ያንጎራጉራል። ማንኪያ፣ ደመና… አሥራ አምስቱንም። አንድ ቃል አልሳተም።

ኅዳር 8

ነገርኳት። ሪም መጀመሪያ ሳቀች። «ፕራንክ እያደረግከኝ ነው አይደል?» መቼ ቁም ነገር ነግሬያት አውቃለሁ? ደግሜ ነገርኳት፤ የሙሀጅርንም ጨመርኩ።

«ሁሉም አጥንተው ነው የመጡት?»

«ሁሉም።»

«መጀመሪያ የሙሀጅር ነገር» አለች። እዚያው ዙሀራ ጋ ኮል አደረገች። ፈተናው ልክ አልነበረም፣ ቀጠሮውን መልሰው ይያዙ፣ ምስሉን ለሐኪሙ እልካለሁ… የእኔን ስም አላነሳችም።

ቀጥላ ማመልከቻዋን ሰረዘች። ኢንተርቪው ሐሙስ ነበር። «ትንሽ ብታስቢበት…» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ።

ኅዳር 25

ሐኪሙ የመርሳት በሽታ ነው አለ። አንድ ወር ቀደም ብሎ ቢመጣስ? ጠየቅኩ። መድኃኒቱ ቶሎ ሲጀመር ይሻላል አለ። ዙሀራ ቃላቱን ማን እንዳስጠናው ከሙሀጅር ሰምታ ኖሮ ሰላምታዬን በጭንቅላቷ ብቻ መለሰች።

ጥር 6

ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሪም የሚቀጥለውን ዓመት ማስታወቂያ ትጠብቃለች። በአዲስ ቃላት፣ በአዲስ ሰዎች እንደገና ጀምራለች። የምነዳላት እኔ ነኝ። ኮሪደሩ ላይ እጠብቃለሁ፤ ከበሩ አላልፍም። እሷ አልከለከለችኝም።

ዛሬ ያመጣኋቸው ሽማግሌ ተራቸውን ሲጠብቁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «አንተ መቼም ሳታውቅ አትቀርም። ምንድን ነው የሚጠይቁት?»

ሪም በሩ ላይ ቆማለች። ሰምታለች።

«አላውቅም፣ አባባ» አልኩ።

ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። በሩን ዘጋች።