የሙሽራዋ አባትና ጀርመኗ

ረቡዕ፣ ጥር 2/1999 ዓ.ም.፣ ጧት

የሞተር ዘይት ተቀየረ። ፊልትሮም። ቺንጋዋ፣ የሞተሩ ቀበቶ፣ ተሰነጣጥቃ ስለነበር አዲስ ገባላት። ማስታወሻዬ፣ እጄ ግራሶ ነው፤ ገጽህን ባቆሽሽ ይቅር በለኝ።

የፊት ቀኙ ኳ ኳ ግን አልተወኝም። ጉድጓድ በነካች ቁጥር አንጀቴን ነው የሚያንኳኳው። ድሮ የአ.አ. ሀብታም ይንፈላሰስባት የነበረች ጥቁር የጀርመን መኪና፣ ዛሬ በመንዝ ኮረኮንች ሙሽራ ታመላልሳለች። ምን ታድርግ።

እስከ ዛሬ የሰው ሙሽራ ነበር። እሑድ ጥር 13 ግን የወንድሜ የደመላሽ ሙሽራ ናት፤ አስካለ። ከሞላሌ ወደ እኛ መሐል ሜዳ ነው የምናመጣት። አባቷ ጋሽ ሽፈራው፣ ኮርቻ ሰፊው፣ ለሽምግልና የሄድን ለት ኳኳታውን ሰምተዋል። ቃላቸው አጭር ነው። ቅዳሜ፣ የሠርጉ ዋዜማ፣ ራሳቸው ተቀምጠው ይሞክሯታል። ኳ ካለች አስካለ በበቅሎ ትሄዳለች።

ደሜ እህል አልቀምስ ብሏል። በመኪና እወስድሻለሁ ብሎ ምሎላታል። እኔስ? የገዛ ወንድሙን ሚስት ማምጣት ያቃተውን ሰው መኪና ማን ይከራየዋል?

ዓርብ፣ ጥር 4

በክሪክ አነሳኋት። ተመስገን። ማርሹ ይሁን ሌላ እያልኩ ስጨነቅ የከረምኩት ለቴስቲና ነው፤ ጎማውን ከመሪው ጋር ለሚያያይዘው መገጣጠሚያ። ላስቲኩ ተቀዶ፣ አቧራ ገብቶ በልቶታል። የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ይቀየራል፤ በቃ።

የፍሬን ሸራውን ሳየው ግን ክው አልኩ። ብረት ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። በዚህ ሸራ ሙሽራ ጭኜ ቁልቁለት ልወርድ ነበር። ሽማግሌው ባያስፈራሩኝ መቼ ከሥሯ ገብቼ አያት ነበር?

ከቴሌ አ.አ. ደወልኩ። ዕቃ ሻጩ ሁለቱንም በአውቶቡስ እልካለሁ አለ። ከከተራ በፊት ካልደረሰ ጉድ ፈላ።

ሰኞ፣ ጥር 7

ደረሰ። ገጠምኩ። ኳኳታው የለም። ጸጥ። መሪውን እንደያዝኩ ብቻዬን ሳቅሁ።

ቅዳሜን ማን ይጠብቃል ብዬ ወደ ሞላሌ ነዳኋት። ጋሽ ሽ. ዞረው ዞረው አዩዋት። ኮፈኗን ጫን ጫን አደረጉት። ሲጥ አለች። አዲስ ላስቲክ ነው፣ እያደር ይተዋታል አልኳቸው። ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ፤ ላስቲኩን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

ጉሙ መንገዱን ስለዘጋው እዚሁ እደር ተባልኩ። መኪናዋ ግቢው ውስጥ፣ እኔ መደብ ላይ።

ማክሰኞ፣ ጥር 8፣ ጧት

ማስታወሻዬ፣ ላብድ ነው። አዲሱ ላስቲክ ብጥስጥሱ ወጥቷል። ይህን ሠርግ የማይወድ ሰው ነው በቢላ የቀደደው ብዬ ጮህኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ያልሰደብኩት የለም። ከዚያ ቀረብ ብዬ ሳየው የጥርስ ምልክት። አሸተትኩት። በግ በግ ይላል። የቤቱ ውሻ ራቅ ብሎ አፉን ይልሳል።

ጋሽ ሽ. ደጁ ላይ ቆመው መሬት መሬቱን ያያሉ።

“እኔ ነኝ” አሉ። “ላት ቀባሁት።”

ለካ ጎህ ሲቀድ ተነስተው ሲጥ የሚለውን ቦታ ፈልገው በቀለጠ የበግ ላት አሽተውታል። የኮርቻ ጠፍር ሲጮህ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው።

“አስካለ በመኪናህ መሄድ ነው የፈለገችው። እኔ ደግሞ ቃሌን አላጥፍም። ቅዳሜ ዝም ብትልልኝ ብዬ ነው።”

ቁጣዬ ወዴት እንደሄደ እንጃ። ፈታኙ ራሳቸው ለተፈታኟ ሊያግዙ! ፍሬኑን ሮጬ አየሁት፤ ላት አልነካውም። እፎይ።

ያው ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ደውዬ መጣሁ። ላስቲኩ አለ፤ ግን ከሠርጉ በፊት የሚያደርሰው አውቶቡስ የለም። ጥምቀት ነው። ጋሽ ሽ. ሰምተው ገቡ። የለፋ የበግ ቆዳ ይዘው ወጡ፤ ልኩን ወስደው እንደ ትንሽ ከረጢት ሰፉት። ግራሶ ሞልቼ ግጥም አድርጌ አሰርኩት። ለአንድ እሑድ ይበቃል፤ ከሠርጉ በኋላ ደንበኛው ላስቲክ ይገባላታል። የተረፈውን ላት በቤንዚን አጠብኩ። ውሻው መጥቶ አሸተተ፣ አስነጠሰው፣ ሄደ። ደስ ሲለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥር 12

ቁልቁለቱን ሞከርኳት። ፍሬኗ ቀጥ ያደርጋታል። ኳ የለ፣ ሲጥ የለ። ከደሜ ጋር ሞላሌ ደረስን። በሩን ከፍቼ ይቀመጡ፣ ይሞክሯት አልኳቸው።

አልቀመጥም አሉ።

በቅሎዋ ኮርቻ ተጭኖባት ቆማለች። የደሜ ፊት አመድ መሰለ።

“የገዛ ስፌቴን ልፈትን?” አሉ። “ነገ ልጄን ይዘሃት ሂድ።”

በቅሎዋስ አልኩ። ለራሳቸው ናት ለካ። እስከ ሞላሌ መውጫ ድረስ ፊት ፊት እየሄዱ ልጃቸውን ሊሸኙ ነው። ደሜ ይመሽብናል እያለ ያጉረመርማል። ያጉረምርም። እኔ ወስኛለሁ። ነገ በአንደኛ ማርሽ፣ ከበቅሎዋ ኋላ፣ ክላክስ ሳልነፋ።