ያልከፈትነው ዘር

ለታናሽ ወንድሜ፣

የሻይ እርሻው ብርድ እንዴት ይዞሃል? ሳልህስ ለቀቀህ? እናታችን፣ ባለቤቴ አፖንዲና ልጆቼ ሐይቁ ዳር እንደተውከን አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።

ይህን በስልክ ልነግርህ አምስት ጊዜ ደውያለሁ። ድምፅህን ስሰማ ስለ ዓሣና ስለ ንፋስ ቀባጥሬ እዘጋዋለሁ። ፊትህን ሳላይ ይሻለኛል። ሚስትህ አጎላ ጥፋት የለባትም። ወላጆቿ ቤት ሂድና አምጣት። ምክንያቱን ስታነብ ትሰድበኛለህ፤ ስደበኝ፣ ይገባኛል።

መጋቢት ላይ፣ አንተ ለዘር ከመምጣትህ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ፣ ተገረዝኩ። አዎ፣ በአርባ ሁለት ዓመቴ! የጤና ጣቢያ ሰዎች ጀልባ ማረፊያው አጠገብ ድንኳን ተክለው ነበር። የገፋፋችኝ አፖንዲ ናት፤ ከበሽታ ይጠብቅሃል፣ ለእኔም ማኅፀን ይበጃል ብለውናል አለችኝ። እናታችን ብትሰማ ምን እንደምትል አንተም ታውቃለህ። አባታችን ወንድ የተባለው ስድስት የታች ጥርሱን አስነቅሎ ነው፣ በምላጭ መገረዝ የጎረቤት ነገዶች ነገር ነው። ስለዚህ ወገቤን አሞኛል ብዬ ተኛሁ።

መተኛቱንም አላወቅሁበት። ነርሱ ኦሉዎች «ሁለት ሦስት ቀን በጀርባህ ተጋደም፣ ጠበብ ያለ የውስጥ ሱሪ ልበስ፣ ወደ እምብርትህ አቅንተህ ያዘው፤ ከተንጠለጠለ ያብጣል» ብሎኝ ነበር። እኔ ሞኙ በማግስቱ መረብ ልጠግን ተቀመጥኩ፣ ቀጥዬም በሞተር ሳይክል ገበያ ወጣሁ። ስመለስ አብጦ ደህና ሎሚ አክሏል። እግሬን አንፈራጥጬ ስሄድ የጀልባ ጓደኞቼ «ዳክዬው መጣ፣ መንገድ ልቀቁለት!» እያሉ ተንከተከቱብኝ። ኦሉዎች ጨርቁን ፈትቶ አየና «አንተ ሰውዬ፣ እኔ ለግድግዳ ነው እንዴ የተናገርኩት? መግል የለውም፣ ትኩሳትም የለህም፣ ይጎድላል። ግን ተኛ! አመድም ቅጠልም እንዳታስነካው። ትኩሳት ከመጣ ወይም እብጠቱ ከባሰ ሮጠህ ና። ከሚስትህ ጋር ደግሞ ስድስት ሳምንት የለም፤ ዳንኩ ብለህ እንዳትታለል» ብሎ ሸኘኝ። በአራት ቀን እብጠቱ መጉደል ጀመረ።

በዘጠነኛው ቀን ዝናቡም አንተም አንድ ላይ መጣችሁ። እናታችን «ነገ ዘሩ ይከፈት» አለች። አባታችን ካረፈ ወዲህ መክፈቱ የእኔ ቤት ተራ ነው፤ እኔና አፖንዲ እንደ ባልና ሚስት ሳናድር፣ ጠዋትም እሷ የመጀመሪያውን ፍሬ ሳትጥል፣ ያንተ ቤት ዶማ አይነሳም። የአንተ ፈቃድ አራት ቀን ብቻ ነበር። አፖንዲ «እውነቱን ንገራቸው፣ ሽማግሌዎቹ መላ አያጡም» ብላ ለመነችኝ። እናቴ ፊት ምን ብዬ ልናገር ብዬ ተቆጣኋት። ጠዋት እናታችን መጥታ «ተከፈተ?» አለች። «ተከፈተ» አልኩ። አፖንዲ አቀርቅራ ዘሩን ይዛ ወጣች። አጎላ ያኔ ማሳው ጠርዝ ላይ፣ ልጅ አዝላ፣ ዶማዋን ተደግፋ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። አፖንዲ አንድ መስመር እስክትጨርስ አንዲት ፍሬ አልጣለችም። በዓይኔ አይቻለሁ።

በሰኔ ልጅህ ኦዴራ ሞተ። ሐኪሞቹ ወባ ነው አሉ፣ እኔም ወባ ነው እላለሁ። ለቀስተኛው ግን የዘር ተራ ተጥሷል፣ ተራ ሲጣስ ልጅ ይቀሰፋል አለ። ማን ጣሰ ሲባል አጎላ ማልዳ ማሳው ላይ ታይታለች ተባለ። አንተም ሐዘን አሳብዶህ «ልጄን የበላሽው አንቺ ነሽ» ብለህ ሰደድካት። ስትወጣ አጥሩ ጋ አገኘችኝ። «ጋሼ፣ አንተ አይተሃል እኮ፣ ምነው ብትናገርልኝ?» አለችኝ። እኔ የሻንጣዋ ገመድ ላልቷል ብዬ እሱን አጠበቅሁላት።

ቁስሌ በጊዜው ሽሯል፣ ጠባሳው እንኳ አያስታውቅም። በቆሎው ደግሞ እንደ ዘንድሮ አምሮ አያውቅም። ቀትር ላይ ስገባበት ልጅ ሲስቅ ይሰማኛል። ወንድሜ፣ አላበድኩም። ቅጠሉን እየገለጥኩ እሄዳለሁ፣ ሳቁ አንድ መስመር ቀድሞኝ ይሄዳል፤ ማንም የለም። አፖንዲ ትስማ አትስማ አልጠየቅኋትም፤ ውሃ ስትቀዳ ግን ማሳውን ዞራ መሄድ ጀምራለች። በቆሎው ደርቆ ቆሟል፣ የሚሸለቅቀው ጠፍቷል። ልጁን የወሰደው ወባ ይሁን የእኔ ቃል፣ እሱን አላውቅም፤ እፈራለሁ። አጎላ እንዳልሆነች ግን አውቃለሁ።

አምጣት። ያኔ ለቅሶ በተቀመጠው ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ እናገራለሁ፣ ስለ ምላጩም ጭምር፤ ይሳቁብኝ። ሽማግሌዎቹ ለእንዲህ ያለው ጥፋት የሚቀቅሉትን ሥርም መጀመሪያ እኔ እጠጣለሁ።

ትናንት ለእናታችን ነገርኳት። «ያን ዕለት ዘሩን አልከፈትንም» አልኩ፣ ከዚያ በላይ አፌ አልደፈረም። ዓሣ እያጠበች ነበር፣ ቀና አላለችም። የያዘችውን ዓሣ አጥባ ሳህኑ ላይ አኖረችና፣ «ታዲያ ስድስት ሳምንት የሚጠብቅ ዝናብ የት አለ፣ ልጄ?» አለችኝ። ስድስት ሳምንት የሚለውን ከእኔ አልሰማችም። አጎላ ስትሰደድ አጠገባችን ተቀምጣ እንደነበር አስታውሼ ወጣሁ። አንተም አትጠይቃት፣ አርጅታለች።

የአባታችን አምላክ ደረትህን ያሙቅልህ፣ እግርህን ወደ አጎላ ያቅናልህ፣ ቤትህ ዳግመኛ የልጅ ድምፅ ይስማ።

ይቅር እስክትለኝ ድረስ ስሜን የማልጽፍልህ፣
ታላቅ ወንድምህ