ለአባዬ እጅ የሚሆን ብዕር

ሰኞ፣ ጥር 6

ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ላይ መነጽር ሳደርግና ሳወልቅ ዋልኩ። «ይሄኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?» ስል ስል ምላሴ ደረቀ። አንዷ ደንበኛ የሱቁን መነጽር ሁሉ ሞክራ ስታበቃ «ላስብበት» ብላኝ ወጣች። አስቢበት እናቴ። እኔም እግሬን ላሳርፍ።

ቤት ስገባ አባዬ እንደወትሮው መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። ቀን ቀን የምታየው ጎረቤታችን ምሳውን በደንብ እንደበላ ነግራኝ ሄደች።

«ደህና ዋልክ አባዬ?»

«እሺ።»

«ያመመህ ነገር አለ?»

«እሺ።»

የመታው ስትሮክ ከቃል ሁሉ ይቺን ብቻ ነው የተወለት። ዕድሜውን ሙሉ ለማንም እሺ ብሎ የማያውቅ ሰው!

ከዚያ አለቃ ደወለ። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ማዘዝ ስለሚወድ አለቃ እለዋለሁ። ወሩ ሲያልቅ መጥቶ አባዬን እሱ ወዳለበት ከተማ ሊወስደው ነው። ክፍል አዘጋጅቷል። ሚስቱም ሥራዋን ከቤት ነው የምትሠራው...

«ጠይቄዋለሁ እኮ፤ እሺ ብሏል» አለኝ።

«እኔም እዚሁ ትቀራለህ ወይ ብዬው እሺ ብሏል።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይው?»

«ራሱ ይናገር።»

«በምን አፉ?»

ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ጥሩ አላደረግኩም። ግን እንዲህ ይባላል?

ሐሙስ፣ ጥር 9

አባዬን የንግግር ሐኪሟ ጋ ወሰድኩት። «ቃሉ ጭንቅላቱ ውስጥ አለ፤ የጠፋው መውጫው ነው» አለች። እንግዲያው ይጻፍ ተባለ። እርሳስ ሰጠችው፤ መጫን አቃተው። ማርከር ሰጠችው። አየት አደረገና ክዳኑን ገጥሞ መለሰላት።

ሳቄ አመለጠኝ። አባዬ የሱቅ ስም ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው፣ ሰሌዳ ላይ፣ ግድግዳ ላይ፣ የሱቅ መስኮት ላይ። ማርከርን «የሰነፍ ብሩሽ» ነበር የሚላት።

«በሉ ታብሌት ይሁን፤ እሱ ነካ ማድረግ እንጂ መጫን አይፈልግም» አለች። በጣቱ ሞከረ። የጣቱ ጫፍ በቀለምና በቤንዚን ጠንክሮ ነው መሰለኝ ስክሪኑ አላወቀውም። «ብዕር ያስፈልገዋል። የሚስማማውን እናንተ ፈልጉለት።»

እናንተ ማለት እኔ ነኝ።

እሁድ፣ ጥር 12

ከገዛሁት ታብሌት ጋር የመጣው ብዕር ጫፉ ጎማ ነው። ስክሪኑ ላይ ይጎተታል፤ ሁለት ጊዜ ሳብ አድርጎ ይደክመዋል። ሲደክመው መዳፉ ያርፍበታል። ታብሌቱ ደግሞ መዳፉን ጣት እየመሰለው ሌላ ገጽ ይከፍታል። ከዚህ ሁሉ ልፋት የወጣው ጭረት ብቻ ነው።

አንድ የገረመኝ ነገር... ጭሮ ሲጨርስ ታብሌቱን ፊት ለፊቴ ቀጥ አድርጎ አቆመው። ስክሪኑ ወደሱ፣ ጀርባው ወደኔ። አዞርኩለት። መልሶ ጀርባውን።

«አባዬ፣ በዚህ በኩል እኮ ነው የሚታየው።»

«እሺ» አለና ጀርባውን ደገመኝ።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ውኃው እንኳ እየቆየ ነው የሚወርደው።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

ከሥራ ስወጣ ስልክና ኮምፒውተር የሚሸጠው ልጅ ጋ ገባሁ። መሐላው ብዬዋለሁ። ሳይምል ዕቃ አያነሳም። «እናቴ ትሙት፣ በዚህ የጻፈ ሌላ አይነካም!» ጫፉ ላይ ክብ ቀጭን ፕላስቲክ ያለው ብዕር ነው። መዳፉ እንዳያስቸግር ደግሞ ባለሁለት ጣት ጓንት ጨመረልኝ። ጓንቱን እኔ ላይ ስለካው ራሴን የሰርከስ ሰው መሰልኩ።

ዓርብ፣ ጥር 17

ጓንቱ ሠራ። ብዕሩም አይጎተትም። ችግሩ ቀጥ ተደርጎ ካልተያዘ ክቧ ጫፍ ትነሳለች፤ መስመሩ ይቆራረጣል። ግን ከጎማው በጣም ይሻላል።

ብቻ የሚጽፈው የየት አገር ፊደል እንደሆነ እንጃ። ፊደል ይመስላል፣ አይደለም። ወይስ ሐኪሟ ተሳስታ ይሆን? ቃሉም ጠፍቶ ቢሆንስ? በወሩ መጨረሻ አለቃ ይመጣል። ራሱ ይናገር ያልኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ ጭረት ምን ብዬ ልከራከር?

ዛሬም ጀርባውን አሳየኝ። «ተው እንግዲህ!» ብዬ ጮህኩበት። ብዕሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ወደ መስኮቱ ዞረ። ምነው አፌን በቆረጠው።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

ቻርጅ የሚደረገውን፣ ጫፉ እንደ መርፌ የቀጠነውን ወሰድኩ። ከኛ ታብሌት ጋር አይግባባም። ስክሪኑ ላይ ምንም አልጻፈም። መለስኩ።

«አባቴ ይሙት፣ እኔ ጋ ሠርቷል!» አለ መሐላው። እናቱን ጨርሷል ማለት ነው።

ሰኞ፣ ጥር 20

ዛሬ ምንም አልሞከርንም። ደከመኝ። አለቃ ልክ ይሆን እንዴ?

ሐሙስ፣ ጥር 23



ዕረፍቴ ስለሆነ ጠዋት አባዬን ልላጨው አስቀመጥኩት፣ መታጠቢያ ቤት፣ የግድግዳው መስታወት ፊት። ግማሽ ጉንጩን ላጭቼ እጄን ያዘኝ። ታብሌቱን ጠቆመ። አረፋው ፊቱ ላይ እንዳለ ሰጠሁት፤ ልቤ እንኳ እዚያ አልነበረም። በዚያ በክቧ ብዕር ሲጭር ሲጭር ቆየ። ከዚያ እንደልማዱ ቀጥ አድርጎ አቆመው።

አረፋ እንዳይነካው ብዬ ተቀበልኩት። ሳነሳው ስክሪኑ ወደ መስታወቱ ዞረ። ቀና ስል መስታወቱ ውስጥ «ብሩሽ» የሚል ጽሑፍ አየሁ።

የተንጋደደ፣ የተቆራረጠ... ግን ብሩሽ! ታብሌቱን ገልብጬ አየሁት፤ ያው የማይነበብ ጭረት። ወደ መስታወቱ አዞርኩ፤ ብሩሽ።

አንቺ ደንቆሮ! የሱቅ መስኮት ከውስጥ ነው የሚጻፈው። ቀለሙን ዝናብና የአላፊ አግዳሚ ጥፍር እንዳያበላሸው ጸሐፊው ውስጥ ሆኖ ፊደሉን ገልብጦ ይጽፋል፤ አንባቢው ውጭ ይቆማል። በልጅነቴ ያ አንባቢ እኔ ነበርኩ። አባዬ ከውስጥ፣ እኔ መንገዱ ላይ። አንድ ቃል ሲጨርስ በቅንድቡ ይጠይቀኛል፤ እኔ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። አሁንም የመስኮት መስታወት የመሰለ ነገር ሰጠነው፣ እንደ መስኮት ጻፈበት። ጀርባውን ሲያዞርልኝ የከረመው ለካ ድሮ የምቆምበት ቦታ ሊያቆመኝ ኖሯል። እኔ ደግሞ ጮህኩበት።

«ብሩሽ!» ብዬ አነበብኩለት፣ ጮክ ብዬ።

ከነአረፋው ሳቀ። «እሺ!» አለ። ይቺኛዋ እውነተኛዋ እሺ ናት።

ቅዳሜ፣ ጥር 25

«ፀጉር ያለው የታብሌት ብዕር አለ?» አልኩት መሐላውን። ከመሳቢያው ሥር አቧራ የጠጣ አንድ አወጣ። «ያለኝ ይቺ ብቻ ናት። ማንም አይገዛትም» አለ። አልማለም። ያኔ ነው ያመንኩት።

አባዬ ተቀበለኝና ፀጉሩን መዳፉ ላይ አሸት አሸት አደረገ። በከንፈሩ ሊያሾለው ሲል ለጥቂት ያዝኩት። ጓንቱን አውልቆ ወዲያ አለ። ከዚያ ግራ እጁን ጨበጠና ስክሪኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠ፤ ቀኙን እላዩ ላይ አሳረፈ፤ ቀለም ሳይነካ የሚጽፈው ድሮም እንዲህ ነበር። መዳፉ ስክሪኑን አልነካም። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ መስመሩ ግን ወፍሮ ይጀምርና ቀጥኖ ያልቃል። ሦስት ብዕር ማንሳትና መጣል ያስተማረኝ ይህን ነው፤ ከመጀመሪያው እጁን ባየው ይበቃ ነበር።

ከሱቃችን ጠርዙ የተሸረፈ የእጅ መስታወት ለምኜ አመጣሁ። አሁን አብሮን ነው የሚዞረው።

ሐሙስ፣ ጥር 30

አለቃ መጣ። ሻይ እንኳ አላስጨረስኩትም። «በል ጠይቀው» አልኩት። ደረቴን ነፍቼ ነበር፤ መልሱን የማውቅ መስሎኝ።

«አባዬ፣ ከኔ ጋር ትሄዳለህ? ወይስ እዚሁ?»

አባዬ ብሩሹን አነሳ። ቀስ ብሎ ጻፈ። መስታወቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ያነበበው አለቃ።

«እሄዳለሁ።»

በስህተት ያነበበ መስሎኝ ራሴ አየሁት። እሄዳለሁ ነው። የት እንደምገባ ጠፋኝ። ለዚህ ነው ብዕር ፍለጋ የተንከራተትኩት? ለዚህ ነው አፍ የሰጠሁህ? አከፋኝ፤ በጣም አከፋኝ። ይህንንም በአፌ አልኩት መሰለኝ፣ ምክንያቱም አባዬ ጽሑፉን አጥፍቶ እንደገና ጀመረ። ሲጨርስ በአገጩ ወደኔ ጠቆመ።

«ትተኛ።»

አለቃ፣ ያ ሁሌ የሚያዘው፣ መስታወቱን ከእጄ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «መቼ ነው በደንብ የተኛሽው?» አለኝ። ደከመኝ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እዚህ ላይ ከመጻፍ በቀር። አባዬ ግን መስኮቱ ጋ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ከርሟል።

እሁድ፣ የካቲት 10

ቤቱ ጭር ብሏል። አባዬ ከሄደ ሳምንት አለፈው። ወንበሩን ከመስኮቱ አላነሳሁትም። ተመልሶ ይቀመጥበታል፤ አለቃም «ሲበቃው አመጣዋለሁ» ብሏል። ብሩሹ አብሮት ሄዷል። መስታወቱ ለኔ ቀረ።

ከምሳ በኋላ አለቃ በስልክ ፎቶ ላከ፤ የታብሌቱ ስክሪን ነው። ከሥሩ ምንም አልጻፈም፤ የሚጨምረውም የለም፣ አባዬ ጽፎታላ። ስልኩን መስታወቱ ፊት ያዝኩት።

«ተኛሽ?»

መስመሩ ጠንቷል። የጥያቄ ምልክቷን አስውቦ ነው የሠራት።

ወረቀት አወጣሁና እኔም ገልብጬ ለመጻፍ ሞከርኩ። እንዴት ይከብዳል! ሁለት ወረቀት አበላሽቼ በሦስተኛው «ተኛሁ» ብዬ ፎቶ አንስቼ ላክሁ። ውሸቴን ነው፤ ሳምንቱን በየሰዓቱ እየነቃሁ የሚጠራኝ ሲመስለኝ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ፎቶዬ ተመልሶ መጣ። ሌላውን ሁሉ ገልብጬ የ«ሁ»ን ቅጥል ብቻ ሳልገለብጥ በቀኝ በኩል ትቼዋለሁ። አባዬ በቀይ ከቦታል። ድሮ ደብተሬ ላይ ያደርግ እንደነበረው፣ ከጎኑም ልክ የሆነችውን «ሁ» ሠርቶልኛል።

ብቻዬን ሳቅሁ። አስተካክዬ ጻፍኩና መልሼ ላክሁ። አሁን ስልኩን ዘግቼ፣ መጋረጃውን ጋርጄ፣ የላክሁት ውሸት ሆኖ እንዳይቀር ልተኛ ነው።