ከወረቀቷ የምትረዝም መርከብ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12፣ ከሰዓት በኋላ

ለግትሩ ልጄ፤ እናትህ «የማን ልጅ ሆኖ» ትላለች፤

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ልጀምር? እኛ ደህና ነን። እናትህ ዛሬ እህል ቀመሰች።

መርከባችሁን የምከታተልበት ስልክ ከእጄ አልወጣም። «አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህን ልታጠፋው ነው» ትለኛለች። ካርታው ላይ ነጥቧን ስነካት ዝርዝሯ ይመጣል፤ የዓሣ ማጥመጃ፣ ርዝመት 31 ሜትር፣ ስፋት 8፣ ፍጥነት ዜሮ። መጨረሻ የታየችው ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ነው።

ጠዋት ከወደብ ጽሕፈት ቤት ተደወለ። ነጥቧ ከቆመችበት ብዙም ሳይርቅ፣ ፈላጊዎቹ ባሕሩ ወለል ላይ የሰመጠች መርከብ በመሣሪያ አይተዋል። «የእናንተ አይደለችም» አለ ሰውዬው፤ «ይቺ ሠላሳ ሰባት ሜትር ናት። ፍለጋውን ነገ ወደ ሰሜን እናዞራለን።» እናትህ ስልኩን ነጥቃ ሦስት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ «ራበኝ» አለች።

ልጄ፣ ያልነገርኩህ ነገር አለ። ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ፣ ያቺን የተሳፈርክባትን መርከብ ጥገና ግቢያችን ውስጥ ከወገቧ ቆርጠን ስድስት ሜትር ቀጥለንባታል። ባለቤቷ ሰፋ ያለ የዓሣ ማከማቻ ፈለገ፤ እንደገና ማስመርመር ግን አልፈለገም። ወረቀቷ ላይ ሠላሳ አንድ እንደሆነች ቀረች። የግራ ጎኗን የበየድኩት እኔ ነኝ። ብየዳው ጥሩ ነበር፣ አሁንም እምላለሁ። ሚዛኗን ግን ማንም አልለካም፤ እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ሥራ ካገኘህባቸው ሁለት መርከቦች የትኛዋ ትሻለኛለች ብለህ ስትጠይቀኝም፣ አፌን ሞልቼ «እሷን አውቃታለሁ፣ ሂድባት» አልኩህ።

ስልኩ እንደተዘጋ ጫማዬን አድርጌ ተነሳሁ። ሄጄ ርዝመቷን መናገር አለብኝ፤ አብረውህ የተሳፈሩት የስድስት ሰዎች ቤተሰብም ቁርጡን ማወቅ አለበት። እናትህ በሩ ላይ አገኘችኝ።

«ወዴት ነው?»

«የትም» አልኳት። ጫማዬን አወለቅኩ። ፈሪ ነኝ።

ነገ ቢሮው ሲከፈት እሄዳለሁ፤ ለአንተ ከጻፍኩልህ በኋላ መቅረት አልችልም። አሁን ግን በመስኮት አንገቴን ሳወጣ፣ እናትህ ወፍራሙን ብርድ ልብስህን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። «በርዶት ነው የሚመጣው» ትላለች። የዛሬዋን ፀሐይ አልነፍጋትም።

ፈጣሪ ካለህበት ብርዱን ያርቅልህ። ይቅር በለኝ።

አባትህ፣ በያጁ