የባለቤቴን ድምፅ ስላጸዳችሁልኝ

ለክቡር የፒያኖ ተጫዋቹ አድናቂዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና፣ በባለቤቴ ዝክር ዕለት ከአዳራሹ ወጥተው ደረጃ ሲወርዱ ሲያስቸግርዎት ላየሁት ጉልበትዎም ፈጣን ፈውስ እመኛለሁ። እኔ ማኅበርዎ «የታላቁ ሰው ባለቤት» እያለ የሚጠራኝ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በጸሐፊነት ያገለገልሁ ጡረተኛ ነኝ። ዕድሜዬን የሌላ ሰው አቤቱታ ስጽፍ ኖሬ የራሴን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ ግድፈት ቢገኝበት ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። በአደባባይ የጻፍሁትም ሦስት ጊዜ ቢሮዎ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ነው። ስብሰባው ስለ ባለቤቴ እንደነበር ሲነገረኝ ደስ ብሎኛል።

ባለቤቴ ያረፈበትን አራተኛ ዓመት ስላሰባችሁልኝ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ሥዕሉ። በአዳራሹ በር ላይ ባሰቀላችሁት ትልቅ ሥዕል ባርኔጣ አድርጋችሁለታል። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን አንድ ቀን እንኳ ባርኔጣ አድርጎ አያውቅም፤ ራሱን ያሳክከው ነበር። የጃዝ ሰው ያለ ባርኔጣ አያምርም ብላችሁ ይሆናል፤ እውነትም አምሮበታል።

2ኛ. ስለ ወንበሬ። ከምሰሶ ጀርባ ስላስቀመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። መድረኩ ባይታየኝም ምሰሶው አዲስ ቀለም መቀባቱን ለማየት በቅቻለሁ። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አድናቂ የባለቤቴ የልብ ወዳጅ እንደነበሩ፣ ሚስቱንም በደንብ እንደሚያውቋት ሲያጫውቱኝ ቆዩ። እኔም አንገቴን እየነቀነቅሁ አዳመጥኋቸው።

3ኛ. ስለ ካሴቱ። ይህ ረዘም ስለሚል ይታገሡኝ።

ባለቤቴ ፒያኖ ሲጫወት ያንጎራጉር ነበር። ጣቶቹ የሚሄዱበትን በጉሮሮው ይከተላል፣ አንዳንዴም ይቀድማቸዋል። ድምፁ ያምር ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ከበሮ መቺው እጁን እንከተል ወይስ ጉሮሮውን እያለ ይቀልድበት ነበር። ለጋዜጣም ሆነ ለራዲዮ ቃለ መጠይቅ ሰጥቶ ስለማያውቅ፣ ድምፁ የቀረው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልምምድ ቤት በተቀዳ አንድ ካሴት ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ፣ ባለ ቤዙ፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ፣ ሊገባ ሲል፣ ለራሱ «እሺ፣ እሺ» ይላል። እኔም ምሳ ቀርቧል ስለው እንዲሁ «እሺ፣ እሺ» ይለኝና ሳይመጣ ምግቡ ይቀዘቅዛል። እሁድ እሁድ ልብስ ስተኩስ ይህን ካሴት እሰማ ነበር። ክቡርነትዎ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ በሁለት እጅዎ ተቀብለው፣ እንደ ዓይንዎ ብሌን እንደሚጠብቁት ቃል ገብተው ወሰዱት።

በዝክሩ ዕለት በሚያምር ሣጥን አድርገው መለሱልኝ። እሁድ ካውያዬን ሰክቼ ካሴቱን ከፈትሁት። ፒያኖው ኩልል ብሎ ይሰማል። ሁለተኛው ዙር ደረሰ፣ ባለ ቤዙም ገባ፣ እሱ ግን የለም። ቴፑ የተበላሸ መስሎኝ ነቅዬ ሰካሁት፣ ወደ ኋላ አጠንጥኜ ደግሜ ሰማሁት። ሣጥኑ ላይ «ከማይፈለግ ድምፅ ሁሉ የጸዳ» የሚለውን ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው። ውስጡ ያስቀመጣችሁት መጽሔት ደግሞ «ዝምተኛው ሊቅ» ይለዋል። እንዲህ ካጸዳችሁት በኋላ መቼስ ዝም ማለቱ አይቀርም።

አላለቀስሁም። ምንም አልተሰማኝም፤ እስካሁንም አልተሰማኝም። ካውያውን ነቀልሁት። ልብሱ እዚያው ወንበር ላይ እንደተቆለለ ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ ቢሮዎ ስመጣ የድምፅ ባለሙያችሁን አገኘሁት። ጨዋ ሰው ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። የጸዳውን ሙዚቃ መልሶ በዚያው በእኔ ካሴት ላይ እንደቀዳበት፣ ይህንንም ማኅበሩ ለእኔ ስጦታ እንዲሆን ብሎ እንዳዘዘው ነገረኝ። የቀድሞው ቅጂ የትም አልቀረም። አሳቢዎች ናችሁ አልሁት። ከዚያ ያ ያወጣው ድምፅ የት እንደገባ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ።

«እናቴ፣ ለብቻው ኮምፒዩተር ውስጥ አለ» አለኝ። «ቆሻሻ ብዬ ነው ያስቀመጥሁት። ያለ ሊቀመንበሩ ፊርማ ማውጣት አልችልም። በወሩ መጨረሻ ይሰረዛል።»

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ሙዚቃውን እናንተ ያዙት። ሥዕሉንም ከነባርኔጣው ያዙት። ቆሻሻውን ለእኔ ስጡኝ። እንዳይደክሙ ብዬ የፈቃዱን ደብዳቤ ራሴ ጽፌ አያይዣለሁ፤ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። የወሩ መጨረሻ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

ክቡርነትዎን ከምሰሶው ጀርባ ሆኜ፣ በትሕትና ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣
የዝምተኛው ሊቅ ባለቤት

ማስታወሻ፦ በዝክሩ ዕለት የጸዳው ሙዚቃ ሲሰማ፣ ክቡርነትዎ ከፊተኛው ወንበር አብረው ሲያንጎራጉሩ ሰምቻለሁ። ከዜማው ትንሽ ወጣ ይሉ ነበር። ይጽዱልኝ ብዬ ለማንም አላመለከትሁም።