ከእንኳን ደህና መጡ ጸሐፊዋ ለክቡር ሰብሳቢው

ለክቡር የድንበርና የወዳጅ አገሮች ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ እንዴት ነው? ሰሞኑን በቴሌቪዥን መስኮት ሳይዎት ፊትዎ ሞላ ብሎ፣ ጉንጭዎ ወዝቶ ስላገኘሁዎ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አገር በተጨነቀች ጊዜ ሰብሳቢ ከከሳ ጠላት ደስ ይለዋልና፣ እባክዎ እንዲህ እንዳማረብዎ ይቆዩልን። ስለ እኔ ከጠየቁ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽዎትም።

ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ። እርስዎ ከውጭ እንግዳ ጋር በተጨባበጡ ቁጥር ከራስዎ በላይ የሚንጠለጠለውን፣ «እንኳን ደህና መጡ» የሚለውን ባለቀለም ጨርቅ የምጽፈው እኔ ነኝ። ሱቄ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ በጎማ ጠጋኙና በፎቶ ቤቱ መካከል የተሰነቀረችው ጠባብ ክፍል ናት። ሰፈርተኛው «እትዬ ደህና መጡ» ይለኛል፤ በዚህ ስም ያስጠራኝ የእርስዎ ኮሚቴ ነውና ለዚህም እግዜር ይስጥልኝ። ሥራውን የምሠራው ከአንድ ልጄ ጋር ነበር። ረጅም ጨርቅ ላይ ፊደል ቀጥ ብሎ እንዲሰለፍ ጠመኔ የተቀባ ክር ከዳር እስከ ዳር ይወጠራል፤ አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን እሱ ይዘን መሃሉን ሳብ አድርገን ስንለቀው፣ ነጭ መስመር ጨርቁ ላይ ያርፋል። ዛሬ የእሱን ጫፍ የማስረው በበሩ እጀታ ላይ ነው፤ ደንበኛ በሩን በከፈተ ቁጥርም መስመሬ ይጣመማል። ልጄ ከጎማ ጠጋኙ ልጅ ጋር ሆኖ ድንበር ላይ ያለውን የእርስዎን ኮረብታ ሊጠብቅ ሄዷል። ለአንድ ክረምት ብቻ ተብሎ የሄደ ልጅ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ወጣበት።

ይህንን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ልጄን እንዲመልሱልኝ ነው። የቀረው ሁሉ ማጀቢያ ነው። እርስዎ ግን ያለ ማጀቢያ ነገር እንደማይዋጥልዎ ስለማውቅ፣ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ወዳጆቻችን ብዛት አመሰግንዎታለሁ። ኮረብታው የኛ ነው ብለን፣ ጎረቤታችንም የለም የኔ ነው ብሎ ከተፋጠጥን ወዲህ፣ እርስዎ ወዳጅ ፍለጋ ያልሄዱበት አገር የለም። አንዱ ወዳጅ አውሮፕላን ሰጠን፤ አንዱ ጫማ ሰጠን፤ አንዱም እጅዎን ጨብጦ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ምሳውን በልቶ ሄደ። እኔም ለሁሉም ሳላበላልጥ «የዘላለም ወዳጃችን» እያልኩ በትልልቁ ጽፌያለሁ። ይሁንና ክቡር ሆይ፣ ዘላለም በእርስዎ ቢሮ ቶሎ ያልቃል። አምና የዘላለም ወዳጃችን የነበረው አገር ዘንድሮ ከጎረቤታችን ጋር ሲፈራረም ቀለሙ እንኳ በቅጡ አልደረቀም ነበር። ኮረብታው ላይ ድንጋይና ነፋስ እንጂ ሌላ ነገር እንደሌለ ልጄ ነግሮኛል፤ ነገር ግን የኛ ድንጋይ ነው ብለውናልና ምን አፍ አለኝ።

ሁለተኛ፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ስለደረሰው ጉድ ይቅርታ ልጠይቅ ፈልጌ፣ ባስበው ባስበው ጥፋቴ ጠፋኝ። እንደሚያውቁት ጨርቅ የሚመጣልን በጎረቤታችን በኩል ነበር፤ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ጨርቅ ለመድኃኒት ቢፈለግ አይገኝም። ስለዚህ የአምናውን ወዳጅ ጨርቅ ገልብጬ በጀርባው ላይ የዘንድሮውን ወዳጅ ጻፍኩ። የጠዋት ፀሐይ ከኋላው እንደምትወጣ ማን ነገረኝ! እንግዳው ከአውሮፕላኑ ወርደው ቀና ሲሉ፣ በራሳቸው ስም መሃል የአምናው ወዳጃችን፣ የእሳቸው ጠላት፣ ስም ተገልብጦ ጎልቶ ታየ። በቀዩ ምንጣፍ ላይ ቆመው፣ አንገታቸውን ወዲህና ወዲያ እያሉ ሲያነቡ መላው አገር በቀጥታ ሥርጭት አየ። የፕሮቶኮል ኃላፊዎ ሱቄ ድረስ መጥተው፣ ለመሆኑ ለማን ነው የምትሠሪው ብለው ደም ሥራቸው እስኪገታተር ጮኹብኝ። ለቁጣቸው አክብሮት አለኝ። ግን ክቡር ሆይ፣ እኔ የገለበጥኩት ጨርቅ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ስለ ሚዛን ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሱኝ።

ቴሌቪዥናችሁ ላይ ረጅም ዘንግ ይዘው ካርታ ፊት የሚቆሙ አንድ ባለሙያ አሉ፤ ከእኒህ ሰው አፍ ሚዛን የሚባል ቃል አይጠፋም። እኔም ቃሉን ከእሳቸው ተምሬ ወደ ቢሮዎ መጣሁና የልጄ ጊዜ ደርሷልና ይመለስ አልኩ። ሚዛኑ ወደ ጎረቤት ስላጋደለ አሁን ሰው አይቀነስም ተባልኩ። እሺ ብዬ ተመለስኩ። ቆይቶ አውሮፕላኖቹ መጡ፤ ባለ ዘንጉ ሰውዬ ሚዛኑ ወደኛ አጋደለ ብለው ሲፈነድቁ እኔም አብሬ ፈነደቅሁ፤ ነጠላ ጫማዬን እንዳጠለቅሁ ቢሮዎ ሮጥኩ። እኛ በበለጥንበት ሰዓት ማን ወደ ኋላ ይላል ተባልኩ። ይሁን። ከዚያ ጎረቤታችንም በተራው የራሱን ወዳጅ አመጣና ሚዛኑ እኩል ሆነ። እንግዲህ እኩል ከሆነ ይበቃል፣ ሁሉም ልጁን ይሰብስብ ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ከሁለቱ በአንዱ በኩል አንድ ሰው ቢጎድል ሚዛኑ ይዛባል ሲሉኝ ግን የምይዘው የምጨብጠው አጣሁ።

ወይ ልጄ! የቀለም ባልዲ ሲያነሳ ወገቡን ይዞ የሚያቃስት፣ ንፋስ ይወስደዋል እያልኩ የምሳሳለት ቀጫጫ፣ የሁለት አገር ሚዛን በእሱ ትከሻ ቆሞ አረፈው። እናቱ ስሆን ይህን ያህል ክብደት እንዳለው ሳላውቅ ማሳደጌ ያሳፍራል። ሚዛኑ ሲወርድ የማይመለስ፣ ሲወጣም የማይመለስ፣ ሲስተካከልም የማይመለስ ከሆነ፣ ልጄ የሚመለስበት ሌላ ዓይነት ሚዛን ካለ ባለሙያዎ በዘንጋቸው ጠቁመው ያሳዩኝ።

አራተኛ፣ ስለ ጥላው አመሰግናለሁ። ልጄ አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ በሰው ስልክ ደውሎልኝ ነበር። ኮረብታው ላይ ዛፍ ስለሌለ፣ አገልግሎታቸውን የጨረሱ የኔ ጨርቆች ተጭነው መጥተው ለፀሐይ መከላከያ ተወጥረውላቸዋል አለኝ። የእጄን ጽሑፍ ከሩቅ ነው ያወቀው፤ የ«ወ»ን ሆድ ሁልጊዜ አሳብጠዋለሁና። «የዘላለም ወዳጃችን» ከሚለው ሥር ተጋድሞ፣ የጎማ ጠጋኙ ልጅ ደግሞ ከጎኑ ሲያንኮራፋ እየሰማ ነበር የሚያወራኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ የነገረኝ ነገር ግን ሳቄን አጠፋው። የወዲያኞቹ ምሽግ ሲያስሉ እስኪሰማ ድረስ ቅርብ ነው፤ እነሱም ጨርቅ ወጥረው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጨርቁ ላይ ያለው ባንዲራ እኛ በቀዩ ምንጣፍ የተቀበልነው የዚያው እንግዳ ባንዲራ ነው። ለካ ሰውየው እኛ ዘንድ ምሳ በልተው እነሱ ዘንድ እራት በልተዋል! የእነሱም ልጆች ጫማ ከኛ ልጆች ጫማ ጋር አንድ ነው አለኝ፤ ጭቃው ላይ የማን ዱካ እንደሆነ አይለይም።

«እማ፣ እዚያም እንዳንቺ ያለች አንዲት ደህና መጡ ሳትኖር አትቀርም፤ ግን መስመሯ ይጣመማል» አለኝና ስልኩ ተቋረጠ።

መስመሯ ለምን እንደሚጣመም እኔ አውቃለሁ፣ ክቡር ሆይ። የእሷም ክር ያዥ ኮረብታው ላይ ይሆናል። የቀለም ባልዲዬን ደፍቼ በላዩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለማን እንዳለቀስኩም ለይቼ አላውቅም። ልጄ ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

አምስተኛ ብዬ ስለ መንገዱ መዘጋትና ስለ ቀለም መወደድ ልጽፍ ነበር፤ ተውኩት። ፈርቻለሁ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ከመክፈቴ በፊት በስንጥቁ አጮልቄ አያለሁ። የጎማ ጠጋኙም ጎማ ሲነፋ ድንገት አቁሞ ወደ መንገዱ ያያል፤ ምን አየህ አልለውም፣ ምን ሰማሽ አይለኝም። እርስዎ ልጆች እንዳሉዎት፣ ከባሕር ማዶ በሚገኝ ጥሩ ትምህርት ቤት እንደሚማሩም ሰምቻለሁ፤ ሚዛኑን ከዚያ ሆነው ስለሚጠብቁልንም አመሰግናለሁ። ከእርስዎ የምለምነው ድልም አይደለም፣ ኮረብታም አይደለም። ያንን ቀጫጫ ልጅ፣ ከእነ ጓደኛው፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይመልሱልኝ። በእሱ ቦታ እኔ እሄዳለሁ፤ ከእሱ ይልቅ እኔ እከብዳለሁና ሚዛናችሁም አይጎዳም።

እጅዎ ጨባጭ አይጣ፣ ምሳዎ አይቀዝቅዝ፣ ወዳጆችዎም ቢያንስ ቀለሙ እስኪደርቅ ይቆዩልዎ እያልኩ፣ በጽሑፌ ከራስዎ በላይ ተንጠልጥዬ ስውል እንጂ ከዓይንዎ ፊት ቆሜ የማላውቅ፣ በአክብሮት እጅ የምነሳ፣

ክር ያዥ የሌላት
እትዬ ደህና መጡ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ስጨርስ የኮሚቴዎ መኪና አዲስ ትዕዛዝ አምጥቶ አራገፈ። በጥቁር ጨርቅ ላይ በነጭ ቀለም «ለጀግናው» ተብሎ ይጻፍ፣ ቀጥሎ ለስም የሚሆን ባዶ ቦታ ይተው፣ ከዚያ «ክብር ይሁን» ይባል ብለዋል፤ ስሙ በኋላ ይሞላል። ጨርቁ አዲስ ነው፣ ያልተገለበጠ፣ ጥቅል በጥቅል ነው። ለእንኳን ደህና መጡ የጠፋው ጨርቅ ለዚህ ከየት እንደተገኘ አልጠየቅሁም። ክሩን በር እጀታው ላይ አስሬ ሁሉንም ጻፍኩ። በመጀመሪያ ባዶውን ቦታ የልጄ ስም እንዳይገባበት አድርጌ አጠበብኩት፤ የልጄ ስም ረጅም ነው። ከዚያ የጎማ ጠጋኙ ልጅ ስም አጭር መሆኑ ትዝ አለኝና እንደገና አጠበብኩት። ከዚያ ደግሞ ያቺን መስመሯ የሚጣመመውን ሴት አሰብኳት፤ የልጇን ስም አላውቀውም። አሁን በሁሉም ጨርቆች ላይ ፊደሎቹ ተያይዘዋል፣ ምንም ስም አይገባባቸውም። ደርቀዋል፤ ሰው ልከው ያስወስዱ።